ለበለስ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሴን ሲሰማ አንድ ዓይነት ፊት ያሳየኛል። «የዕፅዋት ኳራንቲን ተቆጣጣሪ ነኝ» ስል ኳራንቲን የምትለዋን ብቻ ይሰማና ትንሽ ራቅ ይላል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ግን ነገሩን አስቦበት «እና ዛፍ ታስራለህ በለኛ!» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ገለጻ እኔም መሥሪያ ቤቴም እስካሁን አላገኘንም። አዎ፣ ዛፍ አስራለሁ። ቁሓ አጠገብ ባለች አንዲት ኬላ ላይ ቆሜ፣ ከደቡብ የሚመጡ የጭነት መኪኖችን ሸራ እየገለጥኩ፣ መቀሌ መግባት የሌለበትን አረምና ተባይ ለይቼ አስቀራለሁ። ደመወዙም እንደምይዛቸው ተባዮች ነው፤ አጉሊ መነጽር ይፈልጋል።

ልነግራችሁ የተነሣሁት ከምስር ፍሬ የምታንስ አንዲት ተባይ ትዳሬን ልትበላብኝ ስለደረሰችበት ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ፤ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ዳዊት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እናቴ አገር ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ የመቀሌ ሰው ነበር፤ በልጅነቴ ስለሞተ ከእሱ የወረስኩት ረጅም አፍንጫና አንድ እጅ የማይሞላ ትግርኛ ብቻ ነው። ለሥራ መቀሌ ስመደብ ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። በተከራየሁ በጥቂት ወሩ የራስ ምታት ክኒን ልገዛ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ወዳለ ፋርማሲ ገባሁ፤ ክኒኑን የሰጠችኝ ብርክቲ ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ ራሴን በየሁለት ቀኑ ያመኝ ጀመር። እሷም ባለሙያ ናትና በሽታው ክኒን እንደማያድነው ቶሎ ገባት።

ልንጋባ ተስማማን። ግን እዚህ አገር ሁለት ሰዎች ስለተስማሙ ጋብቻ አይሆንም፤ ሽማግሌ መላክ አለበት። ዘመድ ያለው ዘመዱን ይልካል፤ ዘመድ የሌለው ደግሞ እንደ እኔ ይዋሳል። እኔ የተዋስኩት ሦስት ነው። አንደኛው አከራዬ አቦይ ወልዱ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ነገር ሲጀምሩ ማርሽ የማይቀይሩ። ሁለተኛው የሰፈራችን ካህን ቀሺ ገብረመድህን፣ ሦስተኛው ደግሞ እኔ በተናገርኩ ቁጥር አማርኛዬን የሚያርሙት ጡረተኛው መምህር ሐዱሽ ናቸው። እነዚህ ሦስት ሰዎች በሰፈሩ ያላስታረቁት ነገር ቢኖር ከተማውንና የቧንቧውን ውሃ ብቻ ነው።

የሽምግልናውን ደንብ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ይገባሉ፤ ባለቤት «ተቀመጡ» ይላል፤ እነሱ «ጉዳያችን ሳይሰምር አንቀመጥም» ይላሉ። ሽማግሌ አቁሞ የመለሰ ሰው ስሙ በሰፈር ይነሣል፤ በደግ አይደለም። ሽማግሌዎቼ እሑድ ሊሄዱልኝ ተስማማን። የብርክቲን አባት ግን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ስማቸውን እንኳ «አባዬ» ከማለት በቀር ጠርታልኝ አታውቅም፤ ስምና ቤታቸውን የነገረችው ለሽማግሌዎቹ ብቻ ነው። «ሽማግሌ ሳይሄድ እንዳያይህ» ትለኝ ነበር። «አንዴ ካየህ በኋላ ሽማግሌም አይጠቅምህም።»

እንግዲህ ሐሙስ ሆነ።

ግንቦት ነው፤ ቁሓ ላይ ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ ሲያበቃ ሰው ላይ ማስቀመጥ የሚወድበት ወር። አንድ አይሱዙ መጣና ቆመ። ሾፌሩ «ድርቆሽ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። ሳይጠየቅ የሚመልስ ሾፌር ካያችሁ ሸራውን ግለጡ። ገለጥኩ። ከላይ ድርቆሽ ነበር። ከሥሩ ግን እስከ ወለሉ ድረስ የበለስ ቅጠል ተደርድሯል፤ እሾሃማው ቁልቋል፣ ለመትከል የተቆረጠ፣ እንደ ሰው መዳፍ የሰፋ። በየቅጠሉ ላይ ደግሞ ከፍሬው እንደወጣ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ተለጥፏል።

አወቅኋት። ኮችኒል ይሏታል። አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ ለቀለም ሥራ ትጠቅማለች ተብላ የገባች ተባይ ናት። ነጩ ጥጥ ልብሷ ነው፤ ከሥሩ ተቀምጣ የበለሱን ውሃ እየመጠጠች ታደርቀዋለች። ልጆቿ ዓይን የማያያቸው ናቸው፤ ነፋስ ያነሣቸዋል፣ ልብስ ይሸከማቸዋል። በደቡብ በኩል ስንት ኮረብታ በለስ አራቁታለች። ለዚህ ነው ከዚያ የሚመጣ የበለስ ቅጠል ወደ መቀሌ እንዳይገባ የተከለከለው። በለስ ደግሞ እዚህ አገር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፦ አጥር ነው፣ የከብት መኖ ነው፣ የክረምት ራት ነው።

«ባለቤቱ ማን ነው?» አልኩት ሾፌሩን። ስልክ ደወለና ሰጠኝ።

«አንተ ነህ መኪናዬን ያቆምከው?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«መኪናው መሄድ ይችላል አባባ። የታሰረው በለሱ ነው።»

«በለስ ይታሰራል እንዴ?»

«ሻሽ አስሮ ከመጣ ይታሰራል።»

«ስማ! ጸበል አስረጭቼበታለሁ! ከላይ እስከ ታች! ንጹሕ ነው!»

አንደበቴ እንደተለመደው ከእኔ ቀደመኝ። «ጸበሉስ ደርሷል። ትሏ ግን ጃንጥላ ይዛ ነበር መሰለኝ።»

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለኝ።

«ደውለው ሊከሱኝ ነው? አባቴ ሞቷል። እዚያ ኔትወርክ የለም።»

«ባለጌ!» ብሎ ዘጋው። እኔም ከባልደረቦቼ ጋር ሳቅሁ። በለሱ በመጋዘን ተቆለፈበት፤ ቅዳሜ ከመጋዘኑ ጀርባ ጉድጓድ ተቆፍሮ እንዲቀበር ተወሰነ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰው ሞኝነቱን የሚያውቀው ሲመሽ ነው፤ ብርክቲ አመሻሽ ላይ ደወለች።

«ዛሬ ሥራ እንዴት ነበር?» አለች። ድምፅዋ እንደ ፋርማሲ ማቀዝቀዣ ነበር።

«ሸጋ ነው። አንዱን ሽማግሌ...»

«ሻሽ አስሮ ከመጣ ይታሰራል ያልከውን?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። 

«ብርክቲ፣ በማርያም...»

«አባቴ ነው፣ አቶ ካሕሳይ። ቤት ገብቶ ውሃ እንኳ አልጠጣም፤ ቁሓ ያለ አንድ ባለጌ በሞተ አባቱ ቀለደብኝ እያለ ሲዞር ነው ያመሸው። ማን እንደሆንክ አያውቅም። እኔ ግን የአንተን ቀልድ ከሺህ ቀልድ መሀል አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱም አያስቅም።»

«እሑድስ?» አልኩ።

«እሑድማ ሽማግሌዎችህ ይመጣሉ። ልቀቅለት አልልህም፤ ሥራህ ነው። አትልቀቅለትም አልልህም፤ አባቴ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁን እንድጠላ ግን እንዳታደርገኝ።» ስልኩ ተዘጋ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ምሽት ፈርቼ አላውቅም። ብርክቲን ማጣት ማለት ያቺን ከተማ ማጣት ነበር፤ ያቺ ከተማ ደግሞ ከአባቴ የተረፈችኝ ነገር ናት።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስቱ ሽማግሌዎቼ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። አቦይ ወልዱ የሚኖሩት እዚያው ግቢ ነው፤ ነጠላ ያጣፉት ሃያ እርምጃ እንኳ ለማይሞላ መንገድ ነው። ልምምድ መሰለኝና ልቤ ሞቀ።

«ግቡ! ተቀመጡ!» አልኩ፣ ያሉኝን ሁለት ወንበሮችና አልጋዬን እያሳየሁ።

«አንቀመጥም» አሉ አቦይ ወልዱ።

«በጣም ጥሩ!» ብዬ አጨበጨብኩ። «ልክ እንደዚህ! እሑድም እንዲህ ቆፍጠን በሉ።»

ተያዩ። መምህር ሐዱሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዳዊት፣ ልምምድ አይደለም። ወዳንተ ተልከን ነው።»

«ወደ እኔ? በማን?»

«በአቶ ካሕሳይ» አሉ ቀሺ ገብረመድህን። «አስታራቂ ሲፈልጉ ወደ እኛ ተጠቁመው ትናንት ማታ መጥተው እግራችን ላይ ወደቁ። ቁሓ ያለው ልጅ በለሴን ይልቀቅልኝ፣ ለምኑልኝ አሉ።»

ራሴን ያዝኩ፤ በዚህ ጊዜ እውነተኛ ራስ ምታት ነበር። «እኔ መሆኔን ነገራችኋቸው?»

«ኣይፋልን!» አሉ አቦይ ወልዱ። «ብንነግራቸው እሑድ በየት በኩል እንገባለን?»

«ታዲያ ለምን እሺ አላችኋቸው? የእኔ ሽማግሌዎች አይደላችሁም?»

«ወደይ፣ ልጄ» አሉ ቀሺ፣ «ሽማግሌ ለለመነው ሁሉ ነው። አንተ ስትለምነን እሺ አልንህ፤ እሳቸውም ሲለምኑን እሺ አልን። ለይተን ብንሄድማ ጠበቃ ነው የምንባለው።»

ከዚያ አቦይ ወልዱ ማርሽ ገቡ። በለሱ ዝም ብሎ በለስ እንዳልሆነ ነገሩኝ። የአቶ ካሕሳይ አባት ደቡብ ባለው አገራቸው በገዛ እጃቸው የተከሉት፣ አሁን ግን ያቺ ተባይ ገብታበት እየደረቀ ያለ አጥር ነው። አቶ ካሕሳይ ከዚያ የተረፈውን ቆርጠው፣ ጸበል አስረጭተው፣ ቁሓ ማዶ ባለው የከብት እርባታቸው ዙሪያ ሊተክሉት ነበር። «በዚያ ክፉ ጊዜ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ እህል ሲጠፋ፣ ማን መገበን? በለስ አይደለም?» አሉ። «ሓቂ ተናገር። አንተ የአባትህን በለስ ጥለህ ትመጣ ነበር?»

«አቦይ፣ በለሱን ያስያዘኝም ይኸው ነው» አልኩ። «ያ በለስ ከገባ የመቀሌ በለስ በሙሉ እንደዚያ አጥር ነው የሚሆነው።»

«ጸበል ተረጭቷል ተብሏል» አሉ አቦይ ወልዱ ወደ ቀሺ እያዩ።

ቀሺ ገብረመድህን ትንሽ አሰቡ። «ጸበል ለሚያምን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ትሏ ታምናለች ብዬ ለመናገር እቸገራለሁ።»

«ቢሆንም እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ መምህር። ቁም ነገራቸው ነበር። እምቢ ብላቸው ሦስት ሽማግሌ ከደጄ የመለስኩ ሰው እሆናለሁ፤ እሑድም እነዚያው ሽማግሌዎች ለእኔ ሚስት አይለምኑም። እሺ ብላቸው ደግሞ ነገ ክረምት ሲገባ በየጓሮው የሚደርቀውን በለስ እያየሁ ነው የምኖረው። አቦይ ወልዱ እግራቸውን ያማቸዋል፤ አንዱን እግር በአንዱ እያሳረፉ አዩኝ። አንጀቴን በሉት።

«እንዲህ እናድርግ» አልኩ። «ነገ ጠዋት መጋዘኑ ድረስ ኑ። አቶ ካሕሳይም ይምጡ። በዓይናችሁ እዩት። ካያችሁ በኋላ ልቀቀው ካላችሁኝ፣ እለቀዋለሁ።»

ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት ሽማግሌዎቹ «ጽቡቕ!» ብለው አልጋዬ ላይ ሲቀመጡ ነው። ሥራዬንና ትዳሬን አንድ ላይ አስይዤ ቁማር ተጫውቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አራታችንም መጋዘኑ በር ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። በስልክ የሰማሁት ያ ወፍራም ድምፅ ግዙፍ ሰው አስመስሎብኝ ነበር፤ ከመኪናው የወረዱት ግን ቀጠን ያሉ፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የሚሰፋ ሽማግሌ ናቸው። የብርክቲ ዓይኖች ነበሯቸው። ያ ነው የከበደኝ።

«እንደምን አደሩ» አልኩ።

ድምፄን ለዩት። «ኔትወርክ የለም ያልከው አንተ ነህ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አፌ ነው።»

«አፍህን ነው ማሰር» አሉና አልፈውኝ ገቡ።

መጋዘኑ ውስጥ በለሱ እንደተራገፈ ተቆልሏል። መናገር የለመድኩትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ማስረዳት ልጀምር ስል አቦይ ወልዱ አልጠበቁኝም። አንዱን ቅጠል በነጠላቸው ጫፍ ይዘው አነሡና ነጩን ጥጥ «ይኼ አቧራ አይደለም እንዴ?» ብለው በአውራ ጣታቸው ጠረጉት።

ጣታቸው ደም መሰለ። ቀይ፣ ጥቁር ቀይ። ደነገጡና ነጠላቸው ላይ ጠረጉት፤ ነጠላውም ቀላ። ቀሺ አማተቡና ሌላ ቅጠል ነኩ፤ የእሳቸውም ቀላ። መምህር ሐዱሽ አላመኑም፤ እሳቸውም ነክተው ነጠላቸውን አበላሹ። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች በግ አርደው የተጣሉ መስለው ቆሙ።

«ደሙ የማን ነው?» አሉ አቦይ ወልዱ ዝግ ብለው።

«የበለሱ ውሃ ነው። እሷ ጠጥታው ነው» አልኩ። ሌላ ነገር አልጨመርኩም። የመጋዘኑ በር ክፍት ነበርና ነፋሱ ገባ፤ ከክምሩ ላይ ጥቂት ነጭ ብናኝ ተነሥቶ በመሀላችን አለፈ። ከበሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር፣ የአንድ ገበሬ አጥር ይታያል፤ አረንጓዴ በለስ ነው። ሁላችንም ብናኙን ስንከተል ዓይናችን እዚያ አጥር ላይ አረፈ።

በሩን ዘጋሁት።

«ዳዊት፣ ይበቃል» አሉ ቀሺ ገብረመድህን። ከዚያ ሦስቱም እኔን ትተው ወደ አቶ ካሕሳይ ዞሩ። ነጠላቸውን እንደገና አጣፉ፤ ከነ እድፉ። «አቶ ካሕሳይ፣ ወደዚህ ልጅ ልከውን ነበር። አሁን ደግሞ ልጁ ሳይልከን ወደ እርስዎ መጥተናል። በለሱን ይተዉልን። እሺ ሳይሉን ከዚህ አንንቀሳቀስም።»

አቶ ካሕሳይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለረጅም ጊዜ ክምሩን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ቅጠል ብቻ» አሉኝ። «መርጠህ፣ አጥበህ፣ አንዲት ብቻ። የአባቴ እጅ ያረፈበት ነው። ለማንም አልናገርም።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አንዲት ቅጠል ምን ታደርጋለች? ራሴን እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ፤ መልሱንም አውቀው ነበር። «አልችልም አባባ። የምትታጠብበት መንገድ የለኝም። አንዷም ብትሆን ትራባለች።» ይህን ስል ሚስቴን በገዛ አፌ እንደመለስኩ ቆጠርኩት። እሳቸው ክምሩ ላይ የነበረችውን የመጀመሪያ ቅጠል አንሥተው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ።

ተሸክመን ጨመርን። ኖራ ተነሰነሰበት፣ አፈር ተመለሰበት። አቶ ካሕሳይ በመጨረሻ ወደ ቀሺ ዞረው «ምንም አይባልበትም?» አሉ። «ለበለስ ፍትሐት የለም ወደይ» አሉ ቀሺ፤ ቢሆንም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ሊሄዱ ሲሉ የግድ አስቆምኳቸው። «አቦይ... ነጠላችሁን።»

«ነጠላችንን ምን?»

«እዚህ ትተዋላችሁ። የተባይዋ ልጆች ልብስ ላይ ይቀራሉ። መቀቀል አለበት።»

እኔ ለሦስት ሽማግሌዎች ነጠላ አውልቁ ስል አቶ ካሕሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ሰማሁ። «በሏ! ታሰራችሁ!» አሉ። አቦይ ወልዱ በሾፌርነት ዘመናቸው በለበሱት ሹራብ፣ መምህር ደግሞ ክርናቸው በተቀደደ ሸሚዝ ቀሩ። የአቶ ካሕሳይ ኮትና ባርኔጣም አልቀረላቸውም። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በትልቅ በርሜል ቀቀልኳቸው። ተባይዋ ሞተች። ቀለሙ ግን ሊለቅ አልቻለም፤ እንዲያውም ተስፋፋ። ሦስት ነጫጭ ነጠላዎች ገብተው ሦስት ሮዝ ነጠላዎች ወጡ።

ሽማግሌዎቹ ሌላ የክት ነጠላ የላቸውም። እሑድ ሦስቱም ሮዝ ነጠላ አጣፍተው ወደ አቶ ካሕሳይ ቤት ሄዱ። እኔ ሮማናት አንድ ካፌ ውስጥ የማላነበው ጋዜጣ ገልብጬ ይዤ ተቀምጫለሁ። የሆነውን የነገሩኝ መምህር ሐዱሽ ናቸው። አቶ ካሕሳይ በሩን ሲከፍቱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ግድግዳ ያዙ። «አሁን ደግሞ ማን ላካችሁ?» አሉ።

«ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው» አሉ አቦይ ወልዱ።

«ልጃችሁ ማን ነው?»

«ነጠላችንን ያየ ያውቀዋል» አሉ ቀሺ።

ሳቁ ቆመ። አቶ ካሕሳይ ብርክቲን ጠርተው አዩዋት፤ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቁጥሬን ከእሷ ተቀብለው ስልካቸውን አወጡ።

ካፌው ውስጥ ስልኬ ሲጮኽ ቁጥሩን አላወቅሁትም። አነሣሁ።

«ዛሬስ ኔትወርክ አለ?» አለ ያ ወፍራም ድምፅ። «ና።»

በባጃጅ ደረስኩ። ሳሎን ስገባ ሦስቱ ሽማግሌዎች አሁንም ቆመዋል፤ አቦይ ወልዱ እግራቸውን እያቀያየሩ «ቶሎ በል» የሚል ዓይን ሰጡኝ። አቶ ካሕሳይ ግን አላስቆሙኝም፤ በኩሽናው በኩል ብርክቲን አልፈን ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ጓሮው ጥግ ላይ፣ የጎረቤት በለስ አጥር ሥር ማለት ይቻላል፣ አንድ የተቆረጠ ጀሪካን አፈር ተሞልቶ ተቀምጧል። በመሀሉ አንዲት የበለስ ቅጠል ተተክላለች። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ከሥሯ በኩል፣ ከጥፍር በምታንስ ቦታ ላይ፣ ነጭ ጥጥ።

«ከአይሱዙው በፊት በቤት መኪናዬ ያመጣኋት ናት» አሉ።

«ታዲያ ትናንት ለምን አንዲት ለመኑኝ? ነበረችዎትኮ።»

«አንተ አንዲት ብትፈቅድልኝ ይቺም የተፈቀደች ትሆንልኛለች ብዬ ነዋ።» ባርኔጣ ስለሌላቸው ፊታቸው ሁሉ ይታይ ነበር። «እሺ ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እነዚያን ሰዎች ቆመው እስኪያረጁ አልመልስላቸውም ነበር። እንካ፣ ንቀላት።»

እጄን ዘረጋሁ፤ መለስኩት። «እርስዎ ነዎት የተከሏት» አልኩ።

ፌስታል አመጡ። ቅጠሏን ከነአፈሯ ነቅለው ከተው አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። «አባቴን ሁለተኛ ቀበርኩት» አሉ። አቀፍኳቸው። አባት ማቀፍ እንዴት እንደሆነ ረስቼው ኖሯል፤ ያንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለእናንተ ነው የምናገረው።

ወዲያው ግን ራሳቸውን አላቀቁና ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «ከውጭ የመጣ ነገር ስትይዝ ምን ታደርገዋለህ?»

«ለብቻ አቆይቼ አየዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ወቅቱ እስኪያልፍ። የተደበቀ ነገር ካለው እስኪወጣ።»

«እንግዲያውስ አንተንም እስከ ጥር አይሃለሁ» አሉና ወደ ሳሎኑ ጮኹ፦ «ተቀመጡ!» የሦስት ሽማግሌዎች ክብደት አንድ ሶፋ ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ ከሠርግ ዘፈን ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ሳምንት በፊት ሥራዬ ከደንቆሮ ጋር መጣላት ይመስለኝ ነበር። ኬላ ላይ የሚመጣው ሁሉ ወይ አታላይ ወይ ግድ የለሽ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ቀልዴም ከዚያ ንቀት የሚወጣ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ሰው የሚጠላውን ነገር ደብቆ አያስገባም። ድርቆሽ ሥር የሚደበቀው የሚወደድ ነገር ነው፤ የአባት በለስ፣ የእናት ጌሾ፣ ከአገር ቤት የመጣ የሎሚ ችግኝ። ተባይዋም ይህን ታውቃለች መሰለኝ፣ የምትሳፈረው ፍቅር ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬም ሸራ እገልጣለሁ፣ ዛሬም አስራለሁ፤ ግን መጀመሪያ «ይኼ የማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱንም ቆሜ እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ እምቢ እላለሁ። እምቢታው ያው ነው፤ የሚሰማው ሰው ግን እንደ ሌባ አይሄድም። እናንተም አንድ ቀን ኬላ ላይ አንድ አፍንጫው የረዘመ ሰው ዕቃችሁን ቢፈታባችሁ አትቆጡት። ቢያንስ ስለ አባቱ አትጠይቁት።

ጥር ላይ ተጋባን። ሽማግሌዎቹ በሠርጉ ሮዙን ነጠላ ለብሰው መጡ፤ አዲስ ብገዛላቸው እምቢ አሉኝ። ሰው ሁሉ የእኛ ወገን የደንብ ልብስ መስሎት «ያምራል» ይል ነበር።

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ከደብረ ብርሃን አንድ ጆንያ የበሶ ገብስ ላከችልን። ተሸክሜ አማቴ ቤት ስደርስ አቶ ካሕሳይ በሩ ላይ አስቆሙኝ። ጆንያውን አስፈቱኝ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው አገላበጡ፣ አንድ ፍሬ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ። ከዚያ ወደ ብርክቲ ዞሩና «ገብሱ ይግባ» አሏት። «እሱን ገና እያየሁት ነው።»